ስለ ሸክላ አፈር መርጋትና ስለ ቤት መውረድ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ርእስ ለጆሮ የሚጥም አይደለም። ሸክላ አፈር ሸክም በተጫነበት ጊዜ በምን ያህል ዘመን ተጨምቆ ይረጋል የሚል ነው። ስለ ሥነ ጽሑፍ ወይም ስለ ጋብቻ የሚናገር ሰው በዚህ አዳራሽ ብዙ አድማጭ ያገኛል፤ ስለ ጭቃ የሚናገር ግን ወንበሩ ባዶ እንዳይቀርበት መስጋቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ በመካከላችን ቤት ለመሥራት የማያስብ፣ ወይም ወላጆቹ ያላቸውን ጥሪት ሁሉ አፍስሰው ቤት ያልሠሩ፣ ወይም የሌላውን ሰው ቤት ሊሠራ ትምህርት ያልገባ ጥቂት ነው። ስለዚህ ስለ ጭቃ መናገር ስለ ኑሮአችን መናገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ልናገረው የምፈልገው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ሸክላ አፈር መልሱን ወዲያው አይሰጥም። ሕንፃው አልቆ ርክክብ በሚደረግበት ዓመት ዝም ይላል፤ የሚናገረው ሠሪው ሒሳቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ነው። እንግዲህ የመሐንዲስ ዋና ሥራው ይህን ዘግይቶ የሚመጣ መልስ አስቀድሞ መስማት ነው።

በመጀመሪያ የምንኖርበትን ምድር እንመልከት። ከሰቻ ቆሞ ቁልቁል የሚያይ ሰው አባያንና ጫሞን፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የተባለውን ከፍታ ያያል። ወደ ምዕራብ ፊቱን ቢያዞር ጨንቻና ዶርዜ ያሉበት የጋሞ ደጋ ይታየዋል። ከዚያ ደጋ ኩልፎ ወርዶ ወደ ጫሞ ይገባል፤ ሀሬም ወርዶ ወደ አባያ ይገባል። ወንዝ ከተራራ ሲወርድ ሸክሙን የሚያራግፈው በተራ ነው። ከተራራው ሥር ትልልቁን ድንጋይ ይጥላል፤ ቀጥሎ ጠጠሩን፣ ከዚያ አሸዋውን ይጥላል፤ ሜዳ ላይ ደርሶ ሲደክም ደለሉን ያስቀምጣል። ከሁሉ የሚቀለው ሸክላ ግን ከውኃው ጋር እስከ ሐይቁ ድረስ ይሄዳል። የአንዱ የሸክላ ቅንጣት ስፋት ከአንድ ሚሊሜትር ሺህ እጅ ሁለቱን እንኳ አያህልም፤ ስለዚህ በውኃ ውስጥ ተንሳፍፎ ብዙ ጊዜ ይቆያል። የአባያ ውኃ ቀልቶ የሚታየው ይህ ደቂቅ አፈር ስለ ተንሳፈፈበት ነው። ያ ቅላት ቀስ በቀስ ወደ ታች ወርዶ የነገ የሸክላ ምድር ይሆናል።

ጥንት ዝናብ በበዛበት ዘመን ሐይቆቹ ከዛሬው ይልቅ ሰፍተው እንደ ነበር የምድር ጥናት ያስረዳል። እንግዲህ ዛሬ ደረቅ መሬት ነው ብለን በምንረግጠው ሜዳ ሥር የድሮ ሐይቅ ወለል ሊኖር ይችላል። ወንዞቹም ደግሞ መንገዳቸውን እየለወጡ ትናንት ሸክላ ባስቀመጡበት ላይ ዛሬ አሸዋ ይጥላሉ። በዚህ ምክንያት በሐይቅ ዳር ሜዳ ላይ አንዱ ግቢ ሁለት ሜትር ሸክላ፣ ከእርሱ አጥር የሚዋሰነው ግቢ ስምንት ሜትር ሸክላ ቢኖረው የሚያስደንቅ አይደለም። ለከተማይቱ ስም የሰጡት ምንጮችም ከገደሉ ሥር የሚፈልቁት የከርሰ ምድር ውኃ በዚያ አካባቢ ለገጸ ምድር ቅርብ በመሆኑ ነው። ሸክላና ውኃ አብረው የሚኖሩበት አገር ላይ ነን ማለት ነው።

አባቶቻችን በዚህ ምድር ላይ ከባድ ነገር አልጫኑበትም። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተሸምኖ የተሠራ ነው፤ ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ዓመት በዓመት እያጠረ ይሄዳል፤ ያስፈለገ እንደ ሆነም ሰዎች ተባብረው ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ከተዛወረ ወዲህ በእንጨትና በጭቃ የተሠሩ ብዙ ቤቶች ተተክለዋል፤ እነርሱም ቢሆኑ ቀላል ናቸው። በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ፣ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላ ግን ከተማይቱ በሰቻም በሲቀላም በኩል ሰፍታለች፤ የኮንክሪት ፎቅም በዝቷል። የኮንክሪት ሕንፃ እንደ ቀርከሃ ቤት ተሸክመው አይወስዱትም። በቆመበት መርጋት አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሸክላ ሲጫኑት የሚወርደው ስለ ምንድን ነው? በጋሞ ደጋ ቆጮ ሲዘጋጅ ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። የተፋቀው እንሰት በቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጥና ድንጋይ ይጫንበታል። ድንጋዩ እንደ ተጫነ ወዲያው አይሰምጥም፤ ፈሳሹ እየተጨመቀ ሲወጣ ድንጋዩም አብሮ ቀስ እያለ ይወርዳል። ውኃ የጠገበ ሸክላም እንዲሁ ነው። በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ቀዳዳ በውኃ የተሞላ ነው፤ ውኃ ደግሞ ሲጫኑት አያንስም። ስለዚህ ሸክም በመጣ ጊዜ መጀመሪያ የሚሸከመው አፈሩ ሳይሆን ውኃው ነው። ውኃው ተጨንቆ መውጫ ይፈልጋል። የሸክላው ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ የሚወጣው በጭንቅ ነው። ውኃው በወጣ መጠን ሸክሙ ከውኃው ወደ አፈሩ ቅንጣት ይተላለፋል፤ ቅንጣቶቹም ይቀራረባሉ፤ ምድሩ ይወርዳል። ሸክሙ በሙሉ ወደ ቅንጣቶቹ በተዛወረ ጊዜ ሸክላው ረጋ እንላለን። በትምህርት ቤት ቋንቋ ኮንሶሊዴሽን የምንለው ይህ ነው።

በአሸዋ ላይ ይህ ሁሉ የሚያልቀው ወዲያው ነው፤ የአሸዋ ቀዳዳ ሰፊ ነውና። በአሸዋ ላይ የተሠራ ቤት የሚወርደውን ያህል ወርዶ የሚጨርሰው ጣሪያው ሳይመታ ነው። በሸክላ ላይ ግን ነገሩ የዓመታት ነው።

ይህን ነገር በሒሳብ ያስቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1883 በፕራግ የተወለደው ካርል ቴርሳጊ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወደ ኢስታንቡል ሄዶ ያስተምር ነበር፤ በዚያም ብዙ ገንዘብ ባልወጣበት፣ ራሱ ባበጃጀው መሣሪያ ሸክላን እየጫነ ሲወርድ ይለካ ነበር። የደረሰበትንም እ.ኤ.አ. በ1925 በመጽሐፍ አሳተመ፤ የዛሬው የአፈር ሜካኒክስ ትምህርት የተመሠረተው በዚያ ነው። ላቦራቶሪያችን ይህ ጎደለው ያ ጎደለው እያልን ለምናዝን ተማሪዎች የዚህ ሰው ታሪክ መልካም ትምህርት ነው።

ቴርሳጊ ያገኘው ሕግ አንድ ነገር ይነግረናል። የመርጊያው ጊዜ ውኃው እስከ መውጫው ድረስ በሚሄደው ርቀት ስኩዌር ያድጋል። ምክንያቱን በቀላል ቃል እንየው። የሸክላው ውፍረት እጥፍ የሆነ እንደ ሆነ መውጣት ያለበት ውኃ እጥፍ ይሆናል። ከዚህም በቀር መንገዱ እጥፍ ስለሚረዝም ያው ግፊት በረጅሙ መንገድ ላይ ይከፋፈልና የውኃው ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል። እጥፍ ውኃ በግማሽ ፍጥነት ሲወጣ ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ውፍረቱ አራት እጥፍ ቢሆን ደግሞ ጊዜው አሥራ ስድስት እጥፍ ነው።

የበሩም ቁጥር ነገር አለ። ሰው የሞላበት አዳራሽ ከፊትም ከኋላም በር ካለው ቶሎ ባዶ ይሆናል፤ አንድ በር ብቻ ካለው ግን ከሁሉ የራቀው ሰው አዳራሹን በሙሉ ማቋረጥ አለበት። ሸክላውም ከላይና ከታች አሸዋ ካለው ውኃው በሁለቱም ይወጣል፤ ርቀቱም የውፍረቱ ግማሽ ነው። ከታች ውኃ የማያሳልፍ ድንጋይ ከሆነ ግን ርቀቱ ሙሉው ውፍረት ነውና ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል።

እስቲ ቁጥር እንስጠው። የምሰጠው ቁጥር ነገሩን ለማስረዳት የተመረጠ እንጂ የአርባ ምንጭ አፈር ሁሉ እንዲህ ነው ለማለት አይደለም። የመርጋት ፍጥነቱ በዓመት 1 ካሬ ሜትር የሆነ ሸክላ እንውሰድ፤ ለልም ሸክላ ይህ እንግዳ ቁጥር አይደለም። ከመርጋቱ መቶ እጅ ዘጠናውን ለመጨረስ የሚፈጀው ጊዜ 0.848 በርቀቱ ስኩዌር ተባዝቶ፣ ለዚህ ፍጥነት ተካፍሎ ይገኛል። በላቦራቶሪ 20 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ናሙና ከላይና ከታች ውኃ እንዲያወጣ ተደርጎ ሲጫን 45 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ያው አፈር በመሬት ውስጥ 2 ሜትር ውፍረት ኖሮት በሁለት በኩል ውኃ ቢያወጣ 10 ወር ይፈጃል። 8 ሜትር ቢሆን 13 ዓመት ተኩል ያልፋል። ያው 8 ሜትር በአንድ በኩል ብቻ ቢያወጣ 54 ዓመት ይሆናል። በላቦራቶሪ ከምሳ በፊት ያለቀው ነገር በመሬት ውስጥ የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ይፈጃል ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ሰው፣ የእኔ ቤት ቀላል ነውና ቶሎ ይረጋል፣ ይል ይሆናል። አይደለም። ክብደት የሚወስነው ቤቱ ምን ያህል እንደሚወርድ ነው። መቼ እንደሚወርድ የሚወስነው የሸክላው ውፍረትና የውኃው መውጫ ነው። ቀላል ቤት የሚወርደው ጥቂት ነው፤ የሚፈጅበት ጊዜ ግን ከከባዱ ቤት ጋር አንድ ነው።

አሁን ይህን ሕግ ይዘን በሐይቁ ዳር ሜዳ ላይ አንድ ቤት እንሥራ። ቦታው ዝቅ ያለ ነውና ባለቤቱ ጎርፍ እንዳይገባበት 2.5 ሜትር ገረጋንቲ ያስሞላል። ገረጋንቲው በሮሎ በደንብ ይጠቀጠቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሮሎው የሚያወጣው በገረጋንቲው ውስጥ ያለውን አየር ነው፤ በሥሩ ያለውን የሸክላ ውኃ አይነካውም። መጠቅጠቅና መርጋት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ይልቁንም በደንብ የተጠቀጠቀው ገረጋንቲ ራሱ በአንድ ካሬ ሜትር 5 ቶን ያህል የሚመዝን ሸክም ነው። ባለቤቱ፣ ገረጋንቲ ሞልቼበታለሁና አልሰጋም፣ ሲል መድኃኒት ሰጠሁት የሚለው ሸክላ በእርሱ ቤት ሸክም ተጨምሮበታል።

የቤቱ ርዝመት 15 ሜትር ይሁን። በአንዱ ማዕዘን ሥር ያለው ሸክላ 2 ሜትር፣ በሌላው ማዕዘን ሥር ያለው 8 ሜትር ውፍረት አለው እንበል፤ ከሁለቱም በታች አሸዋ አለ። በዚህ ሸክም ሸክላው በመጨረሻ ከውፍረቱ መቶ እጅ አንድ ተኩል ይቀንሳል እንበል። የቤቱን የራሱን ክብደት ለጊዜው እንተወው። የመጀመሪያው ማዕዘን በመጨረሻ 3 ሳንቲሜትር ይወርዳል፤ ሁለተኛው 12 ሳንቲሜትር ይወርዳል።

አንድ ዓመት ሲሞላው ምን እናያለን? ቀጭኑ ሸክላ ከሞላ ጎደል ጨርሷል፤ የወረደውም 2.8 ሳንቲሜትር ነው። ወፍራሙ ገና ሩቡን ብቻ አልፏል፤ የወረደው 3.4 ሳንቲሜትር ነው። በሁለቱ ማዕዘኖች መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ሚሊሜትር ብቻ ነው! ቤቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ግድግዳው አልተሰነጠቀም፤ በሩ በደንብ ይዘጋል። ርክክብ ይፈጸማል፤ እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ።

እ.ኤ.አ. በ1956 ስኬምፕተንና ማክዶናልድ የተባሉ ሁለት ሰዎች ብዙ ሕንፃዎችን መርምረው ያገኙት ደንብ አለ። የሁለት ቦታዎች የመውረድ ልዩነት ከመካከላቸው ርቀት 300ኛ እጅ ሲያልፍ ግድግዳ ይሰነጠቃል፤ 150ኛ እጅ ሲደርስ ምሰሶና ማገር መጎዳት ይጀምራል። ለ15 ሜትር ቤት 300ኛው እጅ 5 ሳንቲሜትር ነው። የእኛ ቤት እዚያ የሚደርሰው በስድስተኛው ዓመት አጠገብ ነው። በአሥረኛው ዓመት ልዩነቱ ወደ 7 ሳንቲሜትር ይጠጋል። በመጨረሻ 9 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ይህም ከሁለተኛው ወሰን እምብዛም አይርቅም።

እንግዲህ ሦስት የጊዜ ልኮች አሉ። በተለመደው የሥራ ውል የጉድለት ማረሚያ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ከርክክቡ ጀምሮ ለሥራው ጥንካሬ 10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያዛል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ከውል ጸሐፊዎቹ ይልቅ ስለ መሬት አስበዋል ለማለት ይቻላል። ሸክላው ግን ውሉንም ሕጉንም አያነብም፤ ከምሳሌያችን እንዳየነው በአሥረኛው ዓመት እንኳ መውረዱን አልጨረሰም። በመጀመሪያው ዓመት ምንም አለመታየቱ ሥራው ደኅና ለመሆኑ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ምሳሌውን በቁጥር ያበዛሁባችሁ ይህን ለማሳየት ነው።

ነገር ግን በአገራችን ግድግዳ የሚሰነጠቀው ሁሉ በመርጋት ምክንያት አይደለም። ዋልካ፣ መረሬ፣ ኮትቻ እያልን የምንጠራው ጥቁር አፈር ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሸፍን ይገመታል፤ በአዲስ አበባም በቦሌ በኩል ያለው ጥቁር መሬት በመሐንዲሶች ዘንድ የታወቀ ነው። ይህ በሽታ የገጸ ምድር በሽታ ነው፤ ከዝናብና ከፀሐይ ጋር ይመጣል ይሄዳል። መርጋት ግን በጥልቅ፣ ከውኃው ወለል በታች የሚሆን ነው፤ ሄደ እንጂ አይመለስም። መድኃኒታቸውም የተለያየ ነውና አንዱን ለሌላው መስጠት ገንዘብ ማጥፋት ነው።

ሁለቱን ለመለየት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በስንጥቁ ላይ አንድ ጣት ስፋት ያለው ጀሶ አግድም ለጥፉበትና ቀኑን ጻፉበት። በአርባ ምንጭ ዋናው ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት፣ ሁለተኛው በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ ነው። ስንጥቁ በደረቁ ወራት ሰፍቶ በዝናቡ ወራት የሚጠብ ከሆነ አፈሩ እያበጠና እየተኮማተረ ነው። ዝናብም ፀሐይም ሳይል ዓመቱን ሙሉ ቀስ እያለ የሚሰፋ ከሆነ በሥሩ ያለው ሸክላ ገና አልረጋም ማለት ነው።

መድኃኒቱስ ምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል። ከሁሉ የሚረክሰው መድኃኒት መጠበቅ ነው። ገረጋንቲውን ቀድሞ ማፍሰስ፣ ቤቱን ቆይቶ መሥራት። ሸክላው ቀጭን ከሆነ አንድ ዓመት መታገሥ ብዙውን ነገር ያስጨርሳል። ሸክላው ወፍራም ከሆነ ከሚሠራው ቤት የበለጠ ክብደት ለጊዜው መጫንና ምድሩ የሚፈለገውን ያህል ሲወርድ ትርፉን ማንሣት ይቻላል። ይህም ካልበቃ በሸክላው ውስጥ ወደ ታች ቀዳዳ እየበሱ አሸዋ መሙላት ወይም ለዚህ የተሠራ ማፍሰሻ ማስገባት አለ፤ ውኃው ስምንት ሜትር ከመሄድ ይልቅ ወደ ጎን አንድ ሜትር እንኳ ሳይሄድ መውጫ ያገኛል። ርቀቱ ስኩዌር እንደሚሆን ካስታወስን ይህ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያተርፍ ግልጽ ነው። ሸክላው ስስ ሆኖ ለላይ ቅርብ ከሆነ ቆፍሮ ማውጣት፣ ካልሆነም መሠረቱን እስከ ጠንካራው ንብርብር ማድረስ ይቻላል።

ትዕግሥት የጠቀመበት ትልቅ ምሳሌ በጣሊያን አገር የሚገኘው የፒዛ ግንብ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1173 ተጀምሮ ወደ አራተኛው ፎቅ ሲደርስ በ1178 ተቋረጠ። እንደ ገና የተጀመረው ከመቶ ዓመት ጥቂት ባነሰ ጊዜ፣ በ1272 ነው። በእነዚያ ዓመታት በሥሩ ያለው ሸክላ ውኃውን አውጥቶ ጠነከረ፤ የረጋ ሸክላ ካልረጋው ይልቅ ብርቱ ነውና። መሐንዲሶች እንደሚሉት ሥራው ሳይቋረጥ ቢቀጥል ኖሮ ግንቡ ዘንብሎ መቆሙ ቀርቶ በወደቀ ነበር። መሬቱን ማንም አላከመውም፤ ግንቡን ያዳነው የሥራው መቋረጥ ነው።

ጥበብ የሞላው አገርም ቢሆን ከዚህ ሕግ አያመልጥም። በጃፓን በባሕር ላይ ደሴት ሞልተው የሠሩት የካንሳይ አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ1994 ተከፈተ። የላይኛውን ሸክላ በአሸዋ ማፍሰሻ ፈጥነው አረጉት፤ እጅግ ጥልቅ የሆነው የታችኛው ሸክላ ግን ማፍሰሻው ስላልደረሰው እስከ ዛሬ ይወርዳል። የመጀመሪያው ደሴት ሥራው ከተጀመረ ወዲህ ከ10 ሜትር በላይ ወርዷል። እነርሱ ግን ይህን አስቀድመው አውቀው በሕንፃው ምሰሶዎች ሥር ማንሻ ክሪክ እንዲገባ አድርገው ሠሩት። መውረዱን አልከለከሉትም፤ ተዘጋጅተው ጠበቁት።

ወደ አገራችን እንመለስ። የአፈር ምርመራ ሥራ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ናሙና ይወጣል፤ በላቦራቶሪ እያንዳንዱ ሸክም 24 ሰዓት እየቆየ መውረዱ ይለካል። ይህ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል። በዚህ ምክንያት ለጎረቤት ቦታ የተሠራውን ሪፖርት ወስዶ ስሙንና ቀኑን ለውጦ ማቅረብ የሚቀናው ሰው አይጠፋም። የግንባታ ፈቃድ ለማግኘት ወረቀቱ ይበቃ ይሆናል፤ ነገር ግን ሁለት ሜትር ሸክላ ያለበት ግቢ ሪፖርት ስምንት ሜትር ላለበት ግቢ ምን ይጠቅማል? የቤቱ ባለቤት የሆነችው መምህርት ወይም ነጋዴ ያንን ወረቀት አንብባ ልትረዳ አትችልም። እርስዋ የምታምነው ከሥሩ ያለውን ፊርማ ነው። ስንጥቁ በስድስተኛው ዓመት ሲመጣ ደግሞ የፈረመውን ሰው ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ፈራሚዎቹ እኛው ነን። አንዳንዶቻችን የመጀመሪያ ደመወዛችንን በምናገኝበት ቢሮ ይህን ሪፖርት ቀዳው የሚል አለቃ ሊገጥመን ይችላል። ያን ቀን መልስ እንድናገኝ አሁን ማሰብ አለብን። የአገራችን የሕንፃ ኮድ ስለ መሠረት የሚናገር ክፍል አለው፤ ፕሮፌሰር ዓለማየሁ ተፈራ በአፈር ሜካኒክስና በመሠረት ሥራ ላይ የጻፏቸው መጻሕፍትም ብዙ የኢትዮጵያ መሐንዲሶች የተማሩባቸው ናቸው። አላወቅሁም ማለት ለአንድ ምሩቅ አያምርም።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ አሳብ ላቅርብ። የምሕንድስና ተማሪ በዚህ ግቢ አምስት ዓመት ይቆያል። ሸክላው ግን አሥርና ሃምሳ ዓመት ይቆያል። ስለዚህ አንድ ተማሪ ብቻውን የአንድን ሕንፃ መውረድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማየት አይችልም። ማኅበር ግን ይችላል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ፈቃዳቸውን በሰጡን ሰዎች ሕንፃ ምሰሶ ላይ ምስማር እንምታ፤ በሌቭል ለክተን በአንድ መዝገብ እንጻፍ፤ የሚመረቀው ክፍል መዝገቡን ለሚከተለው ያስረክብ። የምንለካበት መነሻ ነጥብ ግን በሸክላው ላይ እንዳይተከል አደራ፤ ከሸክላው ጋር አብሮ ይወርድና ሁሉም ደኅና ነው ብሎ ያታልለናል። በገደሉ በኩል ባለው አለት ላይ ይሁን።

ይህ ሥራ የሚጠይቀው አንድ ሌቭል፣ ጥቂት ምስማር፣ አንድ ደብተርና በዓመት ሁለት ቅዳሜ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ የሲቀላ ሜዳ በየትኛው በኩል ምን ያህል እንደሚወርድ በልኬት የሚናገር መዝገብ በእጃችን ይኖራል። ቤት ሊሠራ የሚመጣ ሰው የጎረቤቱን ሪፖርት ከመቅዳት ይልቅ መጥቶ መዝገባችንን ይጠይቃል፤ እኛም ከእርሱ ቦታ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ መመርመር ለምን እንደሚያስፈልግ በቁጥር እናሳየዋለን። መምህራኖቻችን ይህን አሳብ ተመልክተው መሣሪያውን ቢያውሱንና የመጀመሪያውን ልኬት ቢመሩልን ሥራውን ከዚህ ዓመት ልንጀምር እንችላለን። ስማቸውን ለመስጠት የሚፈልጉ ተማሪዎች ከስብሰባው በኋላ ለማኅበሩ ጸሐፊ እንዲያስመዘግቡ እጠይቃለሁ።